ሚኒ ስፕሊት በራሳችን እጅ፦ ሂሳቡ ምን ይላል?

በማኅበራችን አጠቃላይ ስብሰባ ላይ በአንዲት የሂሳብ ሠራተኛ አባላችን የቀረበ ንግግር



የብድር ኮሚቴው አንድ ጥያቄ ሰጥቶኝ ነበር። እዚሁ ሜሪላንድ በየቤታቸው ሕፃናት የሚጠብቁ ሦስት አባሎቻችን ከተዘዋዋሪው ገንዘብ ለመበደር አመልክተዋል። ሊገዙ ያሰቡት በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ሚኒ ስፕሊት ነው፤ የሚያሞቅም የሚያቀዘቅዝም። ተከላውንም ራሳችን እንሠራዋለን ብለዋል። ኮሚቴው ያለኝ ባጭሩ "አንቺ የሂሳብ ሰው ነሽ፤ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?" ነው። መልሴ "ያዋጣል፣ ግን ፓነሉን አሁን አትግዙ" የሚል ነው። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ላስረዳ።

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ እንተዋወቅ። ፍሪጅ ከኋላው ይሞቃል አይደል? ከውስጥ ያወጣውን ሙቀት ነው ከኋላ የሚጥለው። ሂት ፓምፕ የሚባለውም እንደዚያው ነው፤ ከውጭው አየር ሙቀት ቃርሞ ወደ ቤት ያስገባል። ውጭው ብርድ ቢሆንም እንኳ የሚቃረም ሙቀት አለ። እኛ በየክፍሉ የምንሰካው ማሞቂያ ግን ሙቀቱን ከኤሌክትሪኩ ራሱ ነው የሚሠራው፤ አንድ ኪሎዋት ከወሰደ አንድ ኪሎዋት ሙቀት ይሰጣል፣ ከዚያ አያልፍም። ሂት ፓምፑ በቀላል ብርድ ቀን አንድ ወስዶ ሦስት ያህል ያስገባል። ብርዱ ሲጠና ወደ ሁለት ይወርዳል። ትርፉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከፀሐይዋ ጋር ገና ምንም አልተገናኘም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ቤዝመንት ውስጥ ልጆች የሚውሉበት አንድ ሰፊ ክፍል እንውሰድ። እያንዳንዳቸው 1,500 ዋት የሆኑ ሁለት ማሞቂያዎች በቀን ለ8 ሰዓት ይሠራሉ። ይህ 24 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ዋጋውን በ18 ሳንቲም እንያዝ። የራሳችሁን ለማወቅ የቢሉን ጠቅላላ ክፍያ ለተጠቀማችሁት ኪሎዋት ሰዓት አካፍሉት፤ የኃይሉና የማድረሻው ዋጋ ለየብቻ ስለሚጻፍ አንዱን ብቻ አይታችሁ እንዳትታለሉ። በቀን 4.32 ዶላር፣ በ30 ቀን 129.60 ዶላር ይመጣል። ያንኑ ሙቀት ሂት ፓምፑ በ8 ኪሎዋት ሰዓት ከሰጠ የወሩ 43.20 ዶላር ነው። ልዩነቱ በወር 86.40፣ በአምስት የብርድ ወራት 432 ዶላር።

ወጪውስ? ለስሌት ያህል ዕቃው 1,800 ዶላር፣ ኤሌክትሪሺያን 700፣ ፐርሚት 100፣ መደገፊያውና ጥቃቅኑ 200 እንበል። ድምሩ 2,800 ነው። በ432 ስናካፍለው ስድስት ዓመት ተኩል ያህል ይሆናል። ያንኑ ሥራ ድርጅት መጥቶ በ6,000 ዶላር ቢሠራው ግን ወደ አሥራ አራት ዓመት ይጠጋል። ስለዚህ "ራሳችን እንተክላለን" ማለታቸው የትርፍ ሥራ ፍላጎት አይደለም፤ ብድሩ የሚመለስና የማይመለስ የሚሆነው በዚህ ነው። ማመልከቻውን ሳየው በመጀመሪያ የገባኝ ይህ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ክፍሉ አሁን የሚሞቀው በተፈጥሮ ጋዝ ከሆነ ይህ ስሌት አይሠራም። ጋዝ ብዙ ጊዜ ከኤሌክትሪክ ይረክሳልና ቁጠባው ትንሽ፣ ምናልባትም ምንም ሊሆን ይችላል። ከሦስቱ አመልካቾች የአንዷ ቤት እንደዚያ ነው፤ ለእሷ ለብቻዋ ነግሬያታለሁ።

ፀሐይዋ ጋ እንምጣ። በገበያ ላይ ከፓነሉ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ በቀጥታ የሚወስድ፣ ሲያንሰው ደግሞ ከቤቱ መስመር የሚሞላ ሚኒ ስፕሊት አለ። ባትሪ አይፈልግም፣ ኢንቨርተር አይፈልግም። ሐሳቡ ደስ ይላል። ነገር ግን ሂሳብ ያዥ ሆኜ ስመለከተው ገቢውና ወጪው በአንድ ወር ላይ አይገናኙም። ሙቀት በብዛት የምንፈልገው በታኅሣሥና በጥር፣ ያውም ማለዳና ማታ ነው፤ ፀሐይዋ ደግሞ የምትሳሳው ያኔ ነው። 400 ዋት የሆኑ አራት ፓነሎች በዚህ አካባቢ በታኅሣሥ ቀን ወደ 3 ኪሎዋት ሰዓት ቢሰጡ ነው፤ እኛ የምንፈልገው 8 ነው። በበጋ ይገለበጣል፤ ፀሐይ ስትበረታ ማቀዝቀዣውም ይሠራል፣ ሁለቱ ይገጣጠማሉ። በጸደይና በመከር ግን መሣሪያው ሲቆም ፓነሉ የሚያመነጨው ባክኖ ይቀራል፤ ወደ መንደሩ መስመር አይመልሰውምና።

ከኩባንያው መስመር ጋር በስምምነት የተያያዘ የጣሪያ ሶላር ሌላ ነው። በሜሪላንድ ኔት ሚተሪንግ ስላለ የተረፈው ኃይል በቢላችሁ ላይ ተመዝግቦ ወደሚቀጥለው ወር ይተላለፋል። መስመሩ እንደ ዕቁብ ሰብሳቢ ሆኖ የሰኔውን ይዞ ይቆይላችኋል ማለት ነው። ይህ ግን በአራት ፓነል የሚጀመር ሥራ አይደለም፤ ፈቃድ ያለው ድርጅት፣ ከኤሌክትሪክ ኩባንያው ጋር ውል፣ የጣሪያውን ዕድሜ ማየት ይጠይቃል። አራቱ ፓነል ከነመደገፊያውና ሽቦው 1,200 ዶላር ቢፈጅ፣ በእኔ ስሌት በዓመት የሚያድነው 146 ዶላር ያህል ነው። ከስምንት ዓመት በላይ ይወስዳል። መጥፎ አይደለም። ግን ከተዘዋዋሪው ገንዘብ ሌላ እህት እየጠበቀች ሳለ ሁለተኛ ተራ ይጠብቅ እላለሁ።

ስለ ተከላው ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ጥያቄ የበዛብኝ በዚህ ነውና።

መግዛት ያለባችሁ ለቤት ባለቤት ተብሎ የተሠራውን፣ ቧንቧው ከፋብሪካ ጋዝ ተሞልቶ የሚመጣውን ነው። ሌላው ዓይነት ቧንቧው ተቆርጦ፣ ጫፉ ተስፋፍቶ፣ በፓምፕ አየሩ ተስቦ ነው የሚታሰረው፤ የጋዙን መስመር ለመክፈት ደግሞ በፌዴራል ሕግ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፣ ጋዙን ወደ አየር መልቀቅም ክልክል ነው። ከመክፈላችሁ በፊት የዋስትናውን ወረቀት አንብቡ፤ አንዳንዱ አምራች ባለፈቃድ ካልተከለው ዋስትናውን ይሰርዛል። አዳዲሶቹ ጋዞች በመጠኑም ቢሆን ስለሚቀጣጠሉ መመሪያው ላይ ያለውን የክፍል ስፋትና የአቀማመጥ ትእዛዝ አትዝለሉ።

የውስጡ ክፍል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። መደገፊያው ብረት የሚታሰረው በእንጨቱ ቋሚ ላይ እንጂ በድራይዎል ላይ ብቻ አይደለም። ከዚያ ሦስት ኢንች ያህል ቀዳዳ ወደ ውጭ ይበሳል፣ ውኃው እንዲወርድ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ። ከመብሳታችሁ በፊት ከኋላው ሽቦና የውኃ ቧንቧ አለመኖሩን አረጋግጡ። ቤዝመንት ላይ ግን አንድ ችግር አለ፤ የሽያጭ ቪዲዮዎቹ አያነሱትም። ግድግዳው ከመሬት በታች ስለሆነ ቧንቧው የሚወጣው ከላይ፣ ከጣሪያው ሥር ባለው እንጨት በኩል ነው። ውኃ ደግሞ ሽቅብ አይወጣም። በበጋ መሣሪያው ሲያቀዘቅዝ የሚጠራቀመው ውኃ በራሱ ወደ ወለል መውረጃ ወይም ወደ ልብስ ማጠቢያው ገንዳ መድረስ ካልቻለ ትንሽ የውኃ ፓምፕ መግዛት አለባችሁ። በዝርዝራችሁ ላይ ካሁኑ ጻፉት፤ ምንጣፉ ከረጠበ በኋላ አይደለም።

የውጭው ክፍል ከባድ ነው፤ ለሁለት ሰው፣ ቢቻል ለሦስት። ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ በረዶ እንዳይቀብረው። በብርድ ወራት አልፎ አልፎ በላዩ ያለውን ውርጭ ያቀልጣልና ከሥሩ ውኃ ይወጣል። ያ ውኃ ሌሊት ይረጋል። ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው በሚያልፉበት መንገድ ዳር አታድርጉት። ቧንቧውን ስትዘረጉ ቀስ በቀስ፣ ሳይሰበርና ሳይታጠፍ ይሁን። ቢተርፋችሁ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት እንጂ አትቁረጡት፤ ከቆረጣችሁት ጋዙ ሄደ። መገጣጠሚያውን በሁለት ቁልፍ፣ አንዱን ይዛችሁ ሌላውን አዙሩ። ከዚያ በሳሙና ውኃ ቀብታችሁ አረፋ እንዳለ ተመልከቱ። የልብስ ሳሙናውም ይበቃል፣ ልዩ ነገር አትግዙ።

ኤሌክትሪኩን ለባለፈቃዱ ተዉት። ዕቃው የራሱ ብሬከርና በውጭው ክፍል አጠገብ የራሱ ማጥፊያ ያስፈልገዋል። "ባለቤቴ ይችላል" ያለችኝ እህት አለች፤ ይችል ይሆናል፣ ግን እሳት ቢነሳ የቤት ኢንሹራንሱ የሚጠይቀው ፐርሚቱን ነው። የምትሠሩት ልጆች በሚውሉበት ቤት ነው። ለፐርሚት ወደ ካውንቲያችሁ ቢሮ ቀድማችሁ ደውሉ፤ ባለቤቱ ራሱ ምን መሥራት እንደሚፈቀድለት ከካውንቲ ካውንቲ ይለያያል። ማታ ማታ በኤክስቴንሽን ሁለት ማሞቂያ ከምንሰካው ግን ይህ በእጅጉ የተሻለ ነው፤ ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ሲገቡ ብሬከሩ የሚወድቀው በከንቱ አይደለም።

ፓነል የምትጨምር ብትኖር፣ ፓነል ማጥፊያ የለውም። ብርሃን እስካለ ድረስ ኤሌክትሪክ አለው። አራቱ ተከታትለው ሲያያዙ ቮልቴጁ ከመቶ በላይ ይወጣል፤ ቀጥተኛ ስለሆነም መስመሩ ሲላቀቅ የሚነሳው ብልጭታ በቀላሉ አይጠፋም። ጣሪያ ላይ መውጣቱንም እኔ አልደግፍም፤ ግቢ ያላት መሬት ላይ ትትከለው።

ስለ ታክስ በአጭሩ። በጣሪያ ሶላር ላይ የነበረው የ30 በመቶ የፌዴራል ቅናሽም፣ በሂት ፓምፕ ላይ እስከ 2,000 ዶላር ይሰጥ የነበረውም ለ2025 መጨረሻ ብቻ ነው የቆዩት። ከዚያ በኋላ በተወጣ ወጪ አይጠየቅም። አሁንም በር እያንኳኳ "መንግሥት ይመልስላችኋል" የሚል ሻጭ ካለ ጽሑፉን አሳየኝ በሉት። አንዲት አባላችን ባለፈው ዓመት የፈረመችውን የሶላር ብድር አብረን ስናየው ወለዱ ዝቅተኛ፣ ዋናው ገንዘብ ግን ለአበዳሪው በሚከፈል ኮሚሽን ያበጠ ሆኖ አገኘነው። ወርሃዊ ክፍያውን ብቻ ሳይሆን በጥሬ ገንዘብ ቢገዛ ስንት እንደሚሆን ሁልጊዜ ጠይቁ።

ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ ብዙ ናችሁ። ያለ አከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ ግድግዳ አትብሱ። በሜሪላንድ ኮሚዩኒቲ ሶላር አለ፤ ሌላ ቦታ ከተተከለ ፓነል ድርሻ ወስዳችሁ ቅናሹን በቢላችሁ ላይ ታገኛላችሁ። ውሉን ለመተው ምን እንደሚያስከፍል ብቻ አስቀድማችሁ እዩ።

ለኮሚቴው ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው። ጋዝ ለሌላቸው ለሁለቱ አመልካቾች ለእያንዳንዳቸው 2,800 ዶላር ይፈቀድ፤ የኤሌክትሪሺያኑ ክፍያ ከማኅበሩ በቀጥታ ይከፈል፣ ፐርሚቱ ሳይወጣ የዕቃው ገንዘብ አይለቀቅ። በብርድ ወራት 80 ዶላር፣ በሌሎቹ ወራት 35 ዶላር ቢመልሱ በዓመት 645 ዶላር ነው፤ በአራት ዓመት ከጥቂት ወራት ያልቃል። ከቢሉ ከሚተርፈው በላይ ስለሆነ ከኪሳቸው ጥቂት መጨመር አለባቸው፤ ሁለቱም ያውቁታል፣ ተስማምተዋል። ከዕቃው በፊት ግን የበርና የመስኮቱ ክፍተት ይደፈን። በሜሪላንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎቹ ኤምፓወር በሚባለው ፕሮግራም ቤት መጥተው ኃይል የት እንደሚባክን ያያሉና ቀጠሮ ይያዝ።

ተከላው በደቦ ይሁን። የመጀመሪያውን ቤት ስንሠራ ሌሎቹ ቆመው ያያሉ፣ ደረጃ ማስተካከያውንና ትልቁን መብሻ ማኅበሩ አንድ ጊዜ ይግዛና በየተራ እንዋዋሰው። እትዬዎቻችን ከባድ እንዳያነሱ፤ ቡናውን ግን ከእነሱ እንጠብቃለን።

ከጥያቄው በኋላ ከጓዳው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ። የታኅሣሥና የጥር ቢላችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ተራ ያዙ፤ ያልያዛችሁ በስልካችሁ አውጡልኝ፣ አብረን እናካፍላለን።