የቆርቆሮ ቤትና የአርሲ ውርጭ

ጢቾ በምትገኝበት የአርሲ ደጋ፣ ጭላሎና ካካን የመሳሰሉ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ተራሮች ባሉበት አገር፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርበት ሌሊት መሬቱ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ውርጭ ይጥላል። በዚህ ወቅት የቆርቆሮ ቤት ከሣር ጎጆ ይልቅ የሚቀዘቅዘው ብረት ሙቀትን በፍጥነት ስለሚያሳልፍ ሲሆን፣ በሣሩ አገዳዎች መካከል ሳይንቀሳቀስ የሚቀመጠው አየር ግን ሙቀቱን ይዞ ያቆያል፤ የሙቀት መከላከያ የሚባሉት አብዛኞቹ ነገሮች፣ ገለባም ሆነ ፎም፣ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ስለዚህ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ መወጠር፣ የማዳበሪያ ከረጢት እንኳ ቢሆን፣ በመካከሉ የአየር ክፍተት ስለሚፈጥር ትልቅ ጥቅም አለው። ይሁንና ኮርኒስ በሌለው ቤት ጎሕ ሲቀድ በምስማሮቹ ጫፍ ተንጠልጥሎ የሚታየው ጠብታ፣ ዝናብ ያስገባው ሳይሆን የተኙት ሰዎች ትንፋሽና የድስቱ እንፋሎት ከቀዝቃዛው ብረት ጋር ተገናኝቶ ወደ ውኃ የተለወጠ በመሆኑ፣ ኮርኒስ በተወጠረበት ቤትም ኮርኒሱ ላይ ገለባ ተነጥፎ ይኸው እርጥበት ካራሰው መከላከያነቱ ይቀንሳል። መስኮቱን በጨርቅ ደፍኖ ከሰል አንድዶ መተኛት ደግሞ ከብርዱ የከፋ ነው፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ፣ የተኛውን ሰው ሳይነቃ ሊገድለው ይችላልና።