ቡቺ ያስቆመችን መንገድ

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለንባብ የተዘጋጀ)

የንባብ ክፍል፦ ዘፍጥረት 33፥12–17፤ ምሳሌ 12፥10፤ ማርቆስ 6፥30–34

ይህችን ጽሑፍ ምናልባት ከአንዱ ፕሮግራም ወጥታችሁ ወደ ሌላው እየሮጣችሁ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ታነቧት ይሆናል። እንግዲያው ለእናንተው ናት።

ዛሬ ስለ ውሻ ነው የምነግራችሁ። አትሳቁ። እኛ ጉለሌ ያደግን ሰዎች ውሻ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ፓስተር ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ፓስተር ማለቴ አይደለም፤ በውሻ የተነከሰ ሰው ለመርፌ የሚሮጥበትን ፓስተር ነው። ስለዚህ ውሻ ከግቢ በር አልፎ አብሮን መንገድ ይሄዳል ብለን አስበን አናውቅም።

በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ነው። የዓርብ አዳር ጸሎት መርቼ ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ቤቴ ደረስኩ። በዚያ ሳምንት በሰባቱም ቀን አገልግሎት ነበረኝ፤ ከመሥሪያ ቤት ሥራዬ ሌላ ማለት ነው። በሩን ስከፍት ቡቺ፣ አሮጊቷ ውሻችን፣ እንደ ልማዷ ጅራቷን እየቆላች መጥታ እግሬ ሥር ተሽከረከረች። በጫማዬ መታኋት። ጮኸች። ቀና ስል የዘጠኝ ዓመት ልጄ በመስኮት ያየኛል። መጋረጃውን መለሰው።

ሌሊቱን ሙሉ ስለ ፍቅር ሳስተምር ነበር እኮ ያደርኩት።

ልጄ ምንም አልተናገረኝም። ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔን ኮቴ ሲሰማ ሮጦ ቡቺን ወደ ጓሮ ይወስዳት ጀመር። ወገኖቼ፣ ሰው ከመድረክ ስወርድ «ተባርከናል» ይለኛል፤ ቤቴ ስገባ ግን ልጄ ከእኔ የሚደብቀው ነገር አለ። ምሳሌ 12፥10 ላይ ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ተጽፏል። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! አንድም ቀን ሰብኬበት አላውቅም።

ከጥምቀት በኋላ፣ በወጣትነታችን መዘምራን የነበርን ሦስት ጓደኞቼ «ሚኒባሱን ይዘን ለአራት ቀን ወደ ሰላሌ እንውጣ» አሉኝ። አንደኛው የሽሮ ሜዳን መስመር የሚሠራ ሾፌር ነው፤ ጃክ የሚባል ጎረምሳ ውሻ አለው። እኔም በመንፈሳዊ ቋንቋ ተቆጣኋቸው። «ነፍሳት እየጠፉ ሽርሽር?» አልኩ። ሾፌሩ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አንተስ እየጠፋህ አይደል እንዴ?»

ባለቤቴ እናቷን ልትጠይቅ አገር ቤት ሄዳ ስለነበር ቤት የሚቀር ሰው አልነበረም። ልጄም ቡቺ ካልሄደች አልሄድም አለ። እንዲህ ሆኖ አራት ጎልማሶች፣ አንድ ልጅና ሁለት ውሾች ፍራሽና ምጣድ ጭነን፣ በአዲሱ ገበያ አድርገን የእንጦጦን ጀርባ ተሻገርን።

ሱሉልታ ሜዳው ላይ ጉም ተኝቶ ነበር። ወተት ገዝተን አፍልተን ጠጣን። ሌሎቹ ይስቃሉ፤ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ፍቼ ለመድረስ ከመቶ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በጠዋት ደርሰን ምን እንደምንሠራ ባላውቅም ብቻ ቶሎ እንድንደርስ ፈልጌያለሁ። ቡቺ ግን ታለቅሳለች። ጫንጮ ላይ አውርዷት አለች፣ ሙከ ጡሪ ላይ አውርዷት አለች። በወረደች ቁጥር ሁላችንም እንወርዳለን። ደብረ ሊባኖስ አጠገብ የፖርቱጋል ድልድይ ከሚባለው ዘንድ ደግሞ ጭላዳዎቹ ሜዳው ላይ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ፤ ውሾቹን መኪና ውስጥ ዘግተን አየናቸው። ጃክ በመስታወቱ እየጮኸ ሊሞት ነው፤ ጭላዳዎቹ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ሳቅኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም።

ያን ቀን ነው የያዕቆብ ነገር የገባኝ። ዔሳው አራት መቶ ሰዎች አስከትሎ መጥቷል፤ እርቁ ወርዷል፤ «አብረን እንሂድ» ይለዋል። ያዕቆብ ግን ልጆቹ ለጋ እንደሆኑ፣ የሚያጠቡ በጎችና ላሞች እንዳሉት፣ አንድ ቀን ብቻ በጥድፊያ ቢነዷቸው መንጋው እንደሚያልቅ ይነግረዋል። አንተ ቅደም፣ እኔ በእነሱ እርምጃ እመጣለሁ ነው የሚለው። አንድ ቀን ብቻ! ያዕቆብ እኮ ከብት የሚያውቅ ሰው ነው። ደግሞ ልብ በሉ፦ ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት ከእግዚአብሔር ጋር ታግሎ ጭኑ ተነክቷል፣ እያነከሰ ነው። ስለ ልጆቹ ተናገረ፣ ስለ ከብቶቹ ተናገረ፤ ስለ ራሱ እግር ግን አላነሣም። እኔ ሳስበው፣ እግዚአብሔር ለሚያነክሰው ሰው ብሎ ነው ጠቦቶቹን ከፊቱ ያስቀደመለት። ሱኮት ሲደርስም ለራሱ ቤት፣ ለከብቶቹ ዳስ ሠራ። የቦታው ስም እንኳ የወጣው በእሱ ቤት ሳይሆን በከብቶቹ ዳስ ነው።

አባቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። ሲራራ ነጋዴዎች ከጎጃም ከባሶ ገበያ ተነሥተው ዓባይን እየተሻገሩ ሲመላለሱ፣ ማለዳ ጭነው ከቀትር በኋላ ያራግፉ ነበር። በቅሎውና አህያው መጋጥ አለበት። ጀርባው የተገጠበ በቅሎ ይዞ የት ይደረሳል?

ፍቼ ስንደርስ ያረፍንበት አልጋ ቤት ባለቤት ውሾቹን አይታ «እናንተ ግቡ፤ እነዚህ ግን በምኔ ላይ?» አለችን። አልፈረድኩባትም፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው። ሁለቱ ገቡ፤ ሾፌሩ፣ እኔና ልጄ ከውሾቹ ጋር ሚኒባሱ ውስጥ አደርን። የሰላሌ ብርድ ቀላል አይደለም። ሌሊት ላይ ስነቃ ልጄ ቡቺን አቅፏት ተኝቷል፤ እሷ ግን ነቅታ እኔን ታያለች። እንደማትተማመንብኝ ታስታውቃለች።

በሦስተኛው ቀን ጎሐ ጽዮንን አልፈን የዓባይን በረሃ ጀመርነው። መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። የህዳሴ ድልድይን አይተን ደጀን ለመግባት ነበር ሐሳባችን። ቡቺ ግን ከግማሽ በታች ስንወርድ አስመለሳት። ቆምን። ሙቀቱ ያቃጥላል። ዛፍ ሥር ውሃ ሰጠናት፣ ሾፌሩም «ዛሬ እዚሁ ነን» ብሎ ፍራሹን አወረደው። አልተከራከርኩም። ጋደም አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ አላውቅም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስነቃ ቡቺ በዚያው በመታኋት ጫማዬ ላይ አገጯን አሳርፋ ተኝታለች።

ልጄ አጠገባችን ቁጭ ብሏል። «ይቅር አለችህ ማለት ነው?» አለኝ።

«እሷን አላውቅም። አንተን ግን ይቅርታ እጠይቅሃለሁ» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «ቤት ስንደርስ አይሃለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው። ከፍቼና ከዓባይ ማዶ ሆኖ መልካም ሰው መሆን ማንን ያቅተዋል?

ድልድዩን ሳናየው ነው የተመለስነው።

ወገኖቼ፣ ሐዋርያት ከአገልግሎት ሲመለሱ ሰው በዝቶባቸው እህል እንኳ የሚቀምሱበት ጊዜ አጥተው ነበር። ጌታ ለብቻቸው ወደ ምድረ በዳ ወስዶ ሊያሳርፋቸው ፈለገ። ዕረፍቱም እንዳሰቡት አልሆነም፤ ሕዝቡ በእግር ሮጦ ቀደማቸው፣ ጌታም አዘነላቸው። ታዲያ ያረፉት መቼ ነው? ጀልባዋ ላይ ነዋ! ያቺን ከዳር እስከ ዳር ያለችውን ጊዜ ጌታ አልናቃትም። ሽሮ ሜዳ ያላችሁ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርደውን እናት በየቀኑ ታያላችሁ። ሸክሟን ግንቡ ላይ አስደግፋ ስትቆም ሰነፍ ብሎ የሚሰድባት ሰው አለ? አገልጋይ ሲቆም ግን «ቀዘቀዘ» እንላለን። እኔም ብያለሁ፤ ስለ አንድ ሁለት ወንድሞች ያልኩትን ዛሬ በሬዲዮ መልሼ እበላዋለሁ።

ዛሬ በዚያ መንገድ እንደዚያን ጊዜ እንደ ልብ የማይኬድበት ዘመን ላይ ነን። በመንገዱ ዳር ስላሉት ወገኖች ጸልዩ። ሚኒባስም የሁሉ ሰው አቅም አይደለም። ግን እንጦጦ ጫካ ከጉለሌ በእግር ይደረሳል፤ ዳቦና ሻይ በፔርሙስ ይዛችሁ፣ ልጆቻችሁን አስከትላችሁ ውጡ። ስልካችሁን ዝጉ። ለውሻ ካሰባችሁ ክትባቱን አስከትባችሁ፣ በማሰሪያ ይዛችሁ ይሁን፤ ሰው አታስደንግጡ።

እኔ ከዚያ ጉዞ መልስ ሁለት ኃላፊነቶች ለወጣቶች አስረከብኩ። አንዳንድ ሽማግሌዎች ቅር አላቸው። ቤት ግን ወዲያው የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ የካቲትንም መጋቢትንም ልጄ ቡቺን ወደ ጓሮ እየወሰዳት አለፈ። ሚያዝያ ላይ አንድ ማክሰኞ፣ ገና ሳይመሽ ቤቴ ደረስኩ። ቁልፌን በሩ ላይ ሳሽከረክር ልጄ ግቢ ውስጥ ኳስ ሲያንከባልል ይሰማኛል። ኮቴዬንም ሰምቷል። ኳሱን አላቆመም። በሩን ስከፍት ቡቺ እዚያው እሱ ዘንድ ነበረች፤ ጅራቷን እየቆላች ቀስ ብላ ወደ እኔ መጣች።