ለአሮጌ የመስክ መኪናዎች ተስማሚ የካምቢዮ ዘይት ስለ መምረጥ

በሐይቅና በአምባሰል ለሚሠሩ የእርዳታ ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር



በወሎ የተፈራረቁት የድርቅ ዘመናት እንዳስተማሩት፣ የእርዳታ ሥራ የሚመዘነው በመጋዘን በተከማቸው እህል ብዛት ብቻ ሳይሆን እህሉ ለተቸገረው ወገን በሚደርስበት ቀን ጭምር ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. ከተቋቋመበት ጊዜ አንሥቶ፣ ረሀቡ በከፋበትና በርካታ የወሎ ሕዝብ ለሠፈራ ወደ ምዕራብ በተጓዘበት በ1977 ዓ.ም. ጭምር፣ ከጭነት መኪናዎቹ ጎን ላንድ ሮቨርና ላንድ ክሩዘርን የመሳሰሉ የመስክ መኪናዎች ከፍ ያለ አገልግሎት ሰጥተዋል። ተረጂውን የሚመዘግበው ሠራተኛ፣ የሕፃናትን ክብደት የሚለካው የጤና ባለሙያና መድኃኒቱ የሚጓዙት በእነዚህ ነው። ከመካከላቸው ዕድሜያቸው ሠላሳና አርባ ዓመት የደረሰ ሆኖ ሳለ ዛሬም በሥራ ላይ ያሉ ይገኛሉ።

ሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በወልዲያ መንገድ ላይ ትገኛለች። ውጫሌን ማእከሉ ያደረገው የአምባሰል ወረዳም በዚሁ መንገድ ይገኛል። ይሁን እንጂ የእርዳታ ሠራተኛው ሊደርስባቸው የሚገቡት ብዙዎቹ ቀበሌዎች ከዋናው መንገድ ርቀው በተራራ ጥግና በቆላ ያሉ ናቸው። ወደዚያ የሚወጣ መኪና ጭነቱን ይዞ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ለረጅም ጊዜ ስለሚጓዝ፣ ካምቢዮው እጅግ ይሞቃል። ስለዚህ በሜዳ መንገድ ሳይታወቅ የሚያልፍ የዘይት ስሕተት በአምባሰል ዳገት ጉዳቱ ፈጥኖ ይገለጣል።

ስለ ዘይት ሲነሣ በቅድሚያ መታወቅ ያለበት፣ በቆርቆሮው ላይ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች የሚጻፉ መሆናቸው ነው። አንደኛው ውፍረቱን የሚያመለክተው የኤስ ኤ ኢ ቁጥር ነው። 80 ደብልዩ 90 በተባለው ዘይት የመጀመሪያው ቁጥር በብርድ ጊዜ፣ ሁለተኛው በሙቀት ጊዜ ያለውን ጠባይ ይገልጻል። 80 ደብልዩ ከዜሮ በታች እስከ 26 ዲግሪ ለሚደርስ ብርድ የተመደበ በመሆኑ፣ ለወሎ ደጋ ብርድ ከበቂ በላይ ነው። 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት ከ40 ወይም ከ50 ቁጥር የሞተር ዘይት ጋር በውፍረት የሚቀራረብ ነው፤ የሁለቱ መለኪያ የተለያየ በመሆኑ ቁጥራቸውን ማወዳደር ያሳስታል። «ካምቢዮው ስላረጀ ወፍራም ዘይት ይሻለዋል» በማለት 140 ቁጥር መሙላትም ጩኸቱን ለጊዜው ቢያበርድ እንኳ፣ በማለዳ ማርሹን ያከብደዋል፤ የተበላውን ኩሽኔታም አያድነውም።

ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ምልክት የኤ ፒ አይ ደረጃ ነው። ጂ ኤል 4 እና ጂ ኤል 5 ሲባል፣ አምስት ከአራት ስለሚበልጥ ጂ ኤል 5 ለሁሉም ይሻላል የሚል አስተሳሰብ ይሰማል። ይህ ትክክል አይደለም። በጂ ኤል 5 ውስጥ ከባድ ጫናን ለመቋቋም የሚጨመረው የድኝና የፎስፈረስ ቅመም በጂ ኤል 4 ካለው እጥፍ ያህል ነው። በዲፈረንሻል ውስጥ ጥርሶቹ በከባድ ጫና እርስ በርስ ስለሚንሸራተቱ ይህ ቅመም የግድ ያስፈልጋቸዋል። በአሮጌ ካምቢዮ ውስጥ ግን ማርሾቹን የሚያስማሙት ቀለበቶች ከነሐስ የተሠሩ ናቸው። ቅመሙ በሙቀት ጊዜ ነሐሱን ቀስ በቀስ ሊበላው ይችላል። ከዚህም በላይ ቀለበቱ ሥራውን የሚሠራው በመፋተግ ስለሆነ፣ ዘይቱ ከመጠን በላይ ሲያሙለጨልጨው ማርሹ እየጮኸ ይገባል።

በመሆኑም ለእያንዳንዱ ክፍል የሚገባውን ዘይት የሚወስነው የመኪናው የአያያዝ መጽሐፍ ነው። የ60 እና የ70 ተከታታይ ላንድ ክሩዘሮች መጻሕፍት በአብዛኛው ለካምቢዮው 75 ደብልዩ 90 ሆኖ ጂ ኤል 4 ወይም ጂ ኤል 5፣ ለዲፈረንሻሉ ግን ጂ ኤል 5 ብቻ ያዝዛሉ። የቀድሞዎቹ ላንድ ሮቨሮች ካምቢዮ 90 ቁጥር ዘይት ይወስዳል፤ ለእነርሱ ጂ ኤል 4 የሆነው ይመረጣል። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በመጡት ባለ አምስት ማርሽ ላንድ ሮቨሮች ግን ኤል ቲ 77 የተባለው ካምቢዮ ኤ ቲ ኤፍ የሚባለውን ቀጭን ቀይ ዘይት ሲጠቀም፣ ከኋላው የተያያዘው ኃይል ማከፋፈያ ሣጥን 90 ቁጥር ይወስዳል። በአንድ መኪና ውስጥ እንኳ ሁለት ጎረቤታም ሣጥኖች የተለያየ ዘይት ሊፈልጉ ይችላሉ ማለት ነው።

በሁለቱ ሣጥኖች መካከል ያለው ፓራኦሊዮ ሲበላሽ ዘይቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል። መሬት ላይ የፈሰሰ ሳይታይ አንዱ ጎድሎ ሌላው ከመጠን በላይ ሞልቶ ከተገኘ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ስለሚችል፣ እየጨመሩ ከመሄድ ይልቅ ፓራኦሊዮውን ማስለወጥ ይገባል።

ዘይት ሲቀየር መኪናው በሜዳ ላይ ይቁም፤ ዘይቱም ሞቅ ያለ ይሁን። ከማፍሰሻው ቡሎን በፊት የመሙያው ይፈታ፤ የመሙያው አልፈታ ቢል ባዶ ካምቢዮ ይዞ ከመቅረት ያድናልና። የወጣው ዘይት ይመርመር፦ ቢጫ የሚያብረቀርቅ ብናኝ የነሐስ ቀለበት መበላቱን፣ የብረት ስባሪ የጥርስ ወይም የኩሽኔታ ጉዳትን፣ ወተት መምሰሉ ውሃ መግባቱን ያመለክታል። ጥልቅ ወንዝ የተሻገረ መኪና የኪሎ ሜትሩ ገደብ ሳይጠበቅ ሊመረመር ይገባል። መጻሕፍቱ በአብዛኛው በየ40,000 ኪሎ ሜትር ቀይሩ ቢሉም፣ ለዳገትና ለአቧራ መንገድ የዚህን ግማሽ መውሰድ ይበጃል።

የመጋዘን ኃላፊዎችም ድርሻ አላቸው። ደጅ የሚቀመጥ በርሜል ቆሞ ከዋለ ክዳኑ ላይ የሚጠራቀመው የዝናብ ውሃ ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቅ ወደ ውስጥ ስለሚሳብ፣ በርሜሉ በጎኑ ይጋደም። የግዥ መጠየቂያውም «የካምቢዮ ዘይት» በሚል ብቻ ሳይወሰን ውፍረቱንና ደረጃውን ለይቶ ይጻፍ። ለእያንዳንዱ መኪና የካምቢዮ፣ የኃይል ማከፋፈያና የዲፈረንሻል ዘይቱን ዓይነት የያዘ ካርድ በጋቢናው ውስጥ ቢለጠፍ፣ ሹፌር ቢለወጥም ዕውቀቱ ከመኪናው ጋር ይቆያል።

የተሳሳተ ዘይት መኪናን በዕለቱ አያቆምም። ከወራት በኋላ፣ መለዋወጫ በማይገኝበት ዳገት ላይ፣ ምናልባትም የክረምቱ ዝናብ መንገዱን ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ያቆማል። ያን ጊዜ የሚጎዳው የምዝገባው ሠራተኛ ሳይደርስለት ስሙ ከዝርዝሩ የሚቀረው ቤተሰብ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ምርመራው ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት ወር ሊጠናቀቅ ይገባል።