ውሻ ሲነክስ፦ የእንስሳት ሐኪሙና የላቦራቶሪው ሰዎች ድርሻ

(በሬዲዮ የተላለፈ የጤና ትምህርት፤ ዓመተ ምሕረቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)



የእንስሳት ሐኪም ሲባል ብዙዎቻችን የከብትና የፍየል ሐኪም ብቻ ይመስለናል። «እኔ ከብት የለኝ፣ ምን አገናኘኝ?» የምንልም አለን። ነገር ግን እዚህ ካኩማ ውስጥ አንድ ውሻ ልጅ ቢነክስ፣ ከክሊኒኩ ነርስ ጋር ለልጁ ሕይወት የሚሠሩት የእንስሳት ሐኪሙና የላቦራቶሪው ባለሙያዎች ናቸው። ዛሬ የእነርሱን ሥራና የእኛን ድርሻ እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ስለ በሽታው። የእብድ ውሻ በሽታ በታመመ እንስሳ ምራቅ ውስጥ ይገኛል። ሲነክሰን፣ ሲቧጭረን ወይም የቆሰለ ገላችንን ሲልሰን ወደ ሰውነታችን ይገባል። ከዚያም በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጅበታል፤ ከዚያ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል። ስለዚህ ቁስሉ ድኖ፣ ነገሩ ተረስቶ ሳለ በሽታው ሊነሣ ይችላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት ስለሌለ በሽተኛው ይሞታል። ምልክቱ ሳይታይ በጊዜ የታከመ ሰው ግን ይድናል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለዚህ ነው።

ውሻ ሲነክስ የመጀመሪያው ሐኪም በቦታው ያለው ሰው ነው። ቁስሉን ወዲያውኑ በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ ያስፈልጋል። ውሃ በካምፕ ውድ መሆኑን እናውቃለን፤ ለዚህ ግን ጀሪካኑን አትሳሱለት። ቡና፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አመድ ወይም ዘይት ቁስሉ ላይ አታድርጉ። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ ሂዱ። ክትባቱ በተለያዩ ቀናት የሚሰጥ ስለሆነ ቀጠሮውን ሳታቋርጡ ጨርሱ። ቁስሉ የደማ ከሆነ በቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ተጨማሪ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። ጸሎቱንም ጸበሉንም ተዉ አንልም፤ ክትባቱን ግን አታስቀሩ።

አሁን ወደ እንስሳት ሐኪሙ እንምጣ። የእርሱ ጥያቄ «ውሻው የት አለ?» የሚል ነው። ውሻው ጤነኛ የሚመስልና የሚታወቅ ከሆነ ለ10 ቀን ታስሮ ወይም ተዘግቶበት ይጠበቃል። ሲነክስ በሽታው በምራቁ ውስጥ የነበረ ውሻ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ይታመማል፣ ይሞታልም። ውሻው 10ኛው ቀን አልፎ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ የክሊኒኩ ሐኪም የቀረውን ክትባት ሊያስቆም ይችላል። ይህን የሚወስነው ሐኪሙ እንጂ እኛ አይደለንም።

ውሻው ከሞተ ወይም ታሞ ከተገኘስ? ብዙ ጊዜ ሰዎች በድንጋይና በዱላ ጭንቅላቱን ቀጥቅጠው ይገድሉትና ይቀብሩታል። ንዴቱ ይገባናል። ነገር ግን በሽታው የሚመረመረው ከአንጎሉ ነው። ጭንቅላቱ ከተፈጨ ወይም ሬሳው ከበሰበሰ ምርመራው ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ውሻውን በእጃችሁ ሳትነኩ፣ ልጆችን አርቃችሁ፣ ለእንስሳት ጤና ሠራተኛው ቶሎ አስታውቁ። ጭንቅላቱን ራሳችሁ ለመቁረጥ ፈጽሞ አትሞክሩ።

ሠራተኛው ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጎ ናሙናውን ይወስዳል። በማያፈስ ዕቃ ደራርቦ ይከተዋል፣ በበረዶ ሣጥን ያስቀምጠዋል፣ የት፣ መቼና ማን እንደተነከሰ የሚገልጽ ወረቀት ያያይዝበታል። በኬንያ ዋናው የመንግሥት የእንስሳት ላቦራቶሪ ናይሮቢ አጠገብ ካቤቴ ይገኛል፤ ኤልዶሬትን በመሰሉ ከተሞችም ሌሎች አሉ። መንገዱ ሩቅ፣ አገሩም ሞቃት ስለሆነ ናሙናውን የሚያጓጉዘው ሾፌር እንኳ በረዶው እንዳያልቅ የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት።

በላቦራቶሪው ውስጥ ባለሙያዋ ከአንጎሉ ጥቂት ወስዳ በመስታወት ላይ በስሱ ትቀባለች። በላዩ ላይ የበሽታውን ቫይረስ ለይቶ የሚይዝ ልዩ ቀለም ትጨምራለች። ቫይረሱ ካለ በልዩ ማይክሮስኮፕ ሲታይ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ሥራው አደገኛ ስለሆነ እነዚህ ባለሙያዎች አስቀድመው ራሳቸው ይከተባሉ። የሚያገኙት ውጤት ያው ውሻ የነከሳቸው ሌሎች ሰዎች ተፈልገው እንዲከተቡ ያደርጋል። በሽታው በየትኛው ሰፈር እንዳለም ይጠቁማል። ሆኖም ውጤቱን እየጠበቃችሁ ክትባት አታዘግዩ፤ ክትባቱ ዛሬ ይጀመራል፣ ውጤቱ በኋላ ይደርሳል።

የእንስሳት ሐኪሙ ትልቁ ሥራ ግን ማንም ሳይነከስ በፊት ነው፤ እርሱም ውሾችን መከተብ ነው። በዓለም ላይ ሰው ከሚያዝባቸው ከ100 አጋጣሚዎች 99 ያህሉ የሚመጡት ከውሻ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከ100ው 70ው በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው መተላለፉን ያቆማል። ኬንያም ከውሻ የሚመጣውን ይህን በሽታ እስከ 2030 ለማጥፋት በ2014 ዕቅድ አውጥታለች። የክትባት ዘመቻ ሲታወጅ ውሻ ያላችሁ ሁሉ ይዛችሁ ውጡ። ባለቤት የሌለውን ውሻ ግን ለመያዝ አትታገሉ፤ ለሠራተኞቹ ጠቁሟቸው።

እናቶችና አባቶች፣ አንድ ነገር አደራ እንበላችሁ። ልጆች ውሻ ሲነክሳቸው እንዳይገረፉ ፈርተው ይደብቃሉ። «ለምን ውሻ ነካህ?» ብላችሁ አትቆጡ፤ «የት ጋ ነከሰህ?» ብላችሁ ጠይቁ። በቁጣ የተደበቀ ትንሽ ቧጨራ የልጁን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

እንግዲህ እነዚህን አትርሱ፦

1. ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ።
2. በዚያው ቀን ክሊኒክ ሂዱ፤ ክትባቱን ጨርሱ።
3. ስለ ውሻው ለእንስሳት ጤና ሠራተኛው ተናገሩ፤ ጭንቅላቱን አታበላሹ።
4. ውሻችሁን አስከትቡ።

ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ አንብቡለት።