ስለ «አድማ» እና ስለ አውሮፓ አቻዎቹ



ለዚህ ጉባኤ በቀረበው ረቂቅ ውሳኔ ላይ «አድማ» የሚለው ቃል ተሰርዞ «ሥራ ማቆም» ብቻ ይባል የሚል አሳብ ተነሥቷል። ከመወሰናችን በፊት ሌሎች ሕዝቦች ይህንኑ ድርጊት ምን ብለው እንደሚጠሩት ልናገር።

እንግሊዞች «ስትራይክ» ይላሉ። ተራ ትርጉሙ መምታት ነው፤ በመርከበኛ አነጋገር ግን ሸራ ማውረድም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1768 በሎንዶን ወደብ የነበሩ መርከበኞች ደመወዝ እንዲጨመርላቸው ጠይቀው የመርከቦቹን ሸራ አወረዱ። ሸራው የወረደ መርከብ ከወደብ አይወጣምና። ቃሉም ከባሕር ወደ ፋብሪካ ገባ፤ ጀርመኖችም «ሽትራይክ» ብለው ተዋሱት።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የፈረንሳዩ «ግሬቭ» ነው። ቃሉ የወንዝ ዳር አሸዋና ጠጠር ማለት ነው። በፓሪስ ከሴን ወንዝ አጠገብ፣ ዛሬ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ቦታ፣ ቀድሞ «የግሬቭ አደባባይ» ይባል ነበር። (እ.ኤ.አ. በ1792 ጊዮቲን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው አንገት የቆረጠውም እዚያው ነው።) ሥራ ያጣ ሠራተኛ በዚህ አደባባይ ቆሞ ቀጣሪ ይጠብቃል። ስለዚህ «ግሬቭ ላይ መሆን» መጀመሪያ ሥራ ማጣት ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ግን ሥራ እያለ እንቢ ማለት ሆነ።

የስፓኙ «ዌልጋ» ከማረፍና ትንፋሽ ከመሰብሰብ የመጣ ሲሆን የላቲን ሥሩ ወናፍ ነው። የጣልያኑ «ሾፔሮ» ከሥራ መውጣት ነው። የሩሲያው «ዛባስቶቭካ» ደግሞ ካርታ ተጫዋቾች «በቃኝ» ለማለት ከሚጠሩት የጣልያን ቃል ከ«ባስታ» ተወለደ።

የኛው «አድማ» ከእነዚህ ይለያል። አደሙ ማለት ተማከሩ ብቻ አይደለም፤ አደሙበት፣ በአንድ ሰው ላይ ተባበሩበት ማለት ነው። «አድመኛ» የተባለ ሰው ክሱን በስሙ ተሸክሞ ይዞራል። እንግዲህ ሌሎቹ ቃላት ከሠራተኛው እጅ፣ እግርና ትንፋሽ ሲወጡ፣ የኛው የወጣው ከሚታደምበት ሰው አፍ ነው። ፈረንሳይም ብትሆን እ.ኤ.አ. ከ1791 እስከ 1864 የሠራተኞችን መተባበር ራሱን በሕግ ከልክላ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ለድርጊቱ የአደባባዩን ስም እንጂ የወንጀሉን ስም አልሰጠውም።

ይሰረዝ የሚሉት ወንድሞች ከዚህ ተነሥተው ነው፤ ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 «ሥራ ማቆም» ይላል፤ ንጹሕ ቃል ነው። ነገር ግን የታመመም ሠራተኛ ለብቻው ሥራ ያቆማል። ኅብረቱን የያዘው «አድማ» ነው። ደግሞም በየካቲት 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር አገር አቀፍ ጥሪ ባደረገ ጊዜ፣ ሕዝቡ ይህን ስም ያለ ኀፍረት ተናገረው፤ ከከሳሹ እጅ ወስዶ የራሱ አደረገው።

ስለዚህ በረቂቁ ሦስተኛ መሥመር «የሥራ ማቆም አድማ» ተብሎ ሁለቱም ቃላት እንዲጻፉ አሳስባለሁ።