ከመቀነት ወደ እጅ ስልክ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ ስለ ጓደኞቹ ሆኖ ያሰማው ንግግር



 ክፍላችን ርእስ እንዲመርጥ በታዘዘ ጊዜ ብዙ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አንዱ ስለ ጠፈር መንኰራኵር እንናገር አለ፤ ሌላው ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ካልሆነ ብሎ ተከራከረ። በመጨረሻ ግን በየኪሳችን ይዘነው ስለምንዞረው፥ ዛሬም ለበር ጠባቂው አስረክበን ስለ ገባነው ስለ እጅ ስልክ እንድንናገር ተስማማን። ምክንያቱም ዘንድሮ በዚሁ መሣሪያ የተነሣ በክፍላችን አንድ ነገር ስለ ደረሰ ነው። ይህንም ወላጆቻችን ባሉበት መናገር ይገባናል ብለን ወስነናል። ወደ እርሱ ከመድረሳችን በፊት ግን ስለ መሣሪያው ራሱ ጥቂት እንድንናገር ይፈቀድልን።

በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፥ ይህ የሰይጣን ሥራ ነው ያሉ ሰዎች እንደ ነበሩ ይነገራል። ዛሬ ይህን ሰምተን እንስቃለን። ዳሩ ግን ሽቦ የሌለው ስልክ በመንገድ እየሄዱ የሚነጋገሩበት ይሆናል ብሎ ያን ጊዜ የሚናገር ሰው ቢገኝ ኖሮ፥ ሳቂዎቹ እነርሱ በሆኑ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ማርቲን ኩፐር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በኒው ዮርክ ከተማ መንገድ ላይ ቆሞ በእጁ በያዘው ስልክ ተናገረ። ስልኩ ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። የደወለውም ለማን እንደ ሆነ ብትሰሙ ትገረማላችሁ፤ በዚሁ ሥራ ይፎካከረው ለነበረው የሌላ ኩባንያ መሐንዲስ ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1983 ይህ ዓይነት ስልክ ለሽያጭ ሲቀርብ ዋጋው 3995 የአሜሪካ ዶላር ነበረ። ወደ አገራችን የመጣው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ ሥራውንም በአዲስ አበባ ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ የእጅ ስልክ ዜና ተቋርጦ አያውቅም። ዘንድሮ ካሜራው እንዲህ ሆነ፥ መስታወቱ እንደ መጽሐፍ ይታጠፋል፥ ባትሪው በዚህን ያህል ደቂቃ ይሞላል ይባላል። እኛም ይህን ዜና እንወዳለን፤ አንዋሽም። በዕረፍት ሰዓት ከኳስ ቀጥሎ የምንከራከርበት ነገር ይኸው ነው። ሆኖም ክፍላችን በጉዳዩ ሲመክር አንድ ነገር አስተዋለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ስቲቭ ጆብስ በሳን ፍራንሲስኮ አይፎን የተባለውን ስልክ ከኪሱ አውጥቶ ሲያሳይ የዓለም ጋዜጦች ሁሉ ጻፉለት። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ደግሞ በጎረቤታችን በኬንያ ኤም ፔሳ የሚባል አገልግሎት ተጀመረ። በዚህም ማንም ሰው ተራ በሆነች፥ ቁልፎቿ ባረጁ ስልክ እንኳ ገንዘብ ለዘመዱ ለመላክ ቻለ። የእናቶቻችንን ኑሮ የለወጠው ያ የሚያብረቀርቀው ሳይሆን ይህ ሁለተኛው ዓይነት ነገር ሆኖ አገኘነው።

በአገራችንም ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር የተባለውን አገልግሎት በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ጀመረ። ኤም ፔሳም ራሱ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወደ እኛ ዘንድ ደረሰ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መሸጡ ቀርቶ በስልክ እንዲከፈል ሲታዘዝ፥ ከእኛ ወገን የታክሲ ሹፌር አባት ያለው ጓደኛችን ያን ሰሞን አባቱ በማደያው ሰልፍ ላይ ሆነው እየደወሉ «አሁን ደግሞ የቱን ልጫን?» ይሉት እንደ ነበር አጫውቶናል። የዕቁብ ገንዘብ በስልክ ይገባል፤ ዐረብ አገር ያለች እኅት የላከችው ብር መድረሱ በስልክ ይታወቃል፤ ሽንኩርት እንኳ በስልክ ይሸጣል። እናቶቻችን ከመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው ይይዙት የነበረው ገንዘብ እንሆ ከማይዳሰስበት ቦታ ገባ። ቋጠሮው ግን ሲፈታ በዐይን ይታይ ነበር፤ ስንት እንደ ቀረም በጣት ይቈጠር ነበር። አሁን መፍቻው ስድስት አኃዝ ያለው የምስጢር ቁጥር ነው፤ ስንት እንደ ቀረ የሚነግረውም ጽሕፈት ነው።

ስለዚህ ጽሕፈት ጥቂት እንቈይ፤ ክፍላችን ከሒሳብ መምህራችን ጋር ሆኖ ያሰላው ነገር አለና። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ፍሪድሄልም ሂሌብራንድ የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ በቦን ከተማ ከጽሕፈት መኪናው ፊት ተቀምጦ ልዩ ልዩ ዐረፍተ ነገር እየጻፈ ፊደላቸውን ቈጠረ። ለአንድ አጭር መልእክት 160 ፊደል እንደሚበቃም ወሰነ። በስልክ የሚላክ አንድ መልእክት 1120 ቢት ይሸከማል፤ ቢት ማለት መሣሪያው የሚያውቀው ትንሹ ምልክት ነው። ለእያንዳንዱ የላቲን ፊደል 7 ቢት ስለሚበቃው፥ 1120 ለ7 ሲካፈል 160 ይሆናል። የእኛ ፊደል ግን ዩኒኮድ ከተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን፥ በስልክ መልእክት ውስጥ እያንዳንዱ 16 ቢት ይወስዳል። 1120 ለ16 ሲካፈል 70 ነው። እንግዲህ በእንግሊዝኛ በአንድ መልእክት የሚያልቀው ነገር በአማርኛ ሁለት መልእክት ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው። መምህራችን ይህን አይተው «አትቸኩሉ፤ ሰላም በአማርኛ ሦስት ፊደል ነው፥ በላቲን ግን አምስት» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ጉዳቱ መጀመሪያ እንደ መሰለን ያህል አይደለም። ቢሆንም በእናቶቻችን ስልክ ላይ የምናነበው የገንዘብ መልእክት አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ሆኖ አግኝተነዋል። ወደ አማርኛ ማስለወጥ ይቻላል፤ ግን ለማስለወጥም የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል።

የሚያነበው ሰው ማን ነው? እኛ ነን። እኛ ደግሞ በገበያው ሰዓት እዚህ ክፍል ውስጥ ነን።

የአንዲት ጓደኛችን እናት በገበያ ቅቤ ይሸጣሉ። በኅዳር ወር አንድ ሰው መጥቶ ሁለት ኪሎ ቅቤ አስመዘነና ገንዘቡን በስልክ ልላክ አላቸው። ስልኩን ነካካ፤ የእርሳቸውም ስልክ ጮኸ፤ ሰውየውም ቅቤውን ይዞ ሄደ። ልጅቱ ማታ በአሥራ አንድ ሰዓት ከትምህርት ቤት ስትመለስ መልእክቱን ብታነበው፥ ቃሉ ከእውነተኛው ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ የተላከው ግን ከአንድ ተራ የስልክ ቁጥር ነበር። ያ ሰው ራሱ ጽፎ የላከው ነው። የገባ ብር አልነበረም። እናቲቱም «ልጄ፥ ስልኩ እኮ ጮኸ» አሏት። ይህን ቃል በክፍል ስትነግረን ከመካከላችን የሳቀ ነበር፤ ወዲያው ግን አፈረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ይህን የምንናገረው ጓደኛችን ራሱ እንዲነገር ስለ ፈቀደ ነው። ማን እንደ ሆነ ግን እንዳትጠይቁን እንለምናለን።

የዚህ ጓደኛችን እናት እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶች ያስረክባሉ፤ ክፍያውም በስልክ ይገባል። የምስጢር ቁጥሩን ያወጣው ልጁ ነው፤ የሚያውቀውም እርሱ ብቻ ነበር። እናቱ «ስንት ገባ?» ሲሉት ያነብላቸዋል፤ «ለዱቄት ነጋዴው ላክልኝ» ሲሉት ይልካል። በመስከረም አንድ ቀን 20 ብር የሚያወጣ የኢንተርኔት ጥቅል ከእናቱ ሒሳብ ገዛ። እንደምመልሰው ዐስቤ ነበር ብሎናል። ከዚያ 50 ገዛ። ከዚያም መቍጠሩን ተወ። እናቱ ቀሪውን ሲጠይቁት፥ ያለውን በትክክል እያነበበ የጐደለውን ግን «ስልኩ ቈረጠ» ይላቸው ነበር። እርሳቸውም ይህን አምነው ለጎረቤቶቻቸው ስልክ ብር ይበላል እያሉ ነገሩ። ሁለት ጎረቤቶችም በዚህ ምክንያት በስልክ መቀበሉን ተዉት።

በጥር ወር እናቱ ነገሩ ቢከፋቸው አቤት ልበል ብለው ልጃቸውን አስከትለው ወደ አገልግሎት መስጫው ሄዱ። ያስከተሉትም እንዲያነብላቸውና እንዲናገርላቸው ነው። ግማሽ ቀን ያህል ተሰለፉ። ወረፋቸው ሲደርስ ሠራተኛይቱ ሒሳቡን ከፍታ፥ ከመስከረም ጀምሮ የወጣውን ሁሉ በአማርኛ አንድ በአንድ ታነብላቸው ጀመር። የኢንተርኔት ጥቅል፥ የኢንተርኔት ጥቅል፥ አሁንም የኢንተርኔት ጥቅል፤ ሁሉም በዚሁ ስልክና በዚሁ የምስጢር ቁጥር የተገዛ። ድምሩ 640 ብር ሆነ። ልጁ ከአጠገባቸው ቆሞ ነበር። ያች ቀን ከሁሉ የከበደችው በምን እንደ ሆነ ሲነግረን፥ እናቱ ዞር ብለው አላዩትም። ለሠራተኛይቱም «ገባኝ የኔ ልጅ፥ እግዜር ይስጥልኝ፤ እኔው ነኝ የረሳሁት» አሏት። ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱን ሁሉ ስለ ሌላ ነገር፥ ስለ ጤፍ ዋጋ ሲያወሩለት ደረሱ። ማታም እንደ ወትሮው እራቱን አቀረቡለት። ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር ብሏል።

ይህን ለእኛ የነገረን ከሳምንት በኋላ ነው። የክፍል ኀላፊ መምህራችን በዚያ ሰዓት ከእኛ ጋር ነበሩ፤ ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ፥ የወላጁን የምስጢር ቁጥር የሚያውቅ ሁሉ እጁን ያውጣ አሉ። ከክፍሉ ከግማሽ በላይ እጅ ወጣ። ከዚያ ዐይናችሁን ጨፍኑ አሉና ሁለተኛ ጥያቄ ጠየቁን። ጥያቄው ምን እንደ ነበረ ትገምታላችሁ። ስንት እጅ እንደ ወጣ መምህራችን አልነገሩንም፤ ሆኖም እዚህ ቆመን «እኛ» ስንል፥ ያን ጓደኛችንን ብቻ ማለታችን እንዳልሆነ ወላጆቻችን እንድታውቁልን እንፈልጋለን። ይቅርታችሁንም እንለምናለን።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በክፍላችን ፈቃደኛ የሆኑ እናቶችን ማስተማር ጀምረናል። መጀመሪያ ሰባት እናቶች መጡ። እኛ አኃዝ ለማስተማር ሰሌዳው ላይ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ጽፈን ጠበቅናቸው። እነርሱ ግን አኃዙን ከብር ኖትና ከሚዛን ላይ ገና ዱሮ ለምደውታል፤ ድምሩንም ከእኛ ቀድመው ያወጣሉ። የቸገራቸው ፊደሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ትምህርቱን ለወጥነው። ቴሌብርን ያለ ኢንተርኔት በተራ ስልክ ለመክፈት *127# መደወል ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚመረጠው በአኃዝ ነው። ቀሪ ሒሳብ ለማየት የትኛው አኃዝ ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚጫን በካርቶን ላይ ጽፈን፥ በጎኑ ዐይን ሣልንበት። ስልኩ ሲጮኽ ጩኸቱን ማመን ትተው ካርቶኑን እየተከተሉ ቀሪውን ራሳቸው እንዲያዩ ነው። ከስንት ወደ ስንት እንዳደገ ካዩ ገንዘቡ ገብቷል፤ ካላደገ ቅቤው አይነሣም።

አንድ ችግር ገጠመን። በዚህ መንገድ የተከፈተ ግንኙነት መልስ ሲዘገይበት ራሱን ይዘጋል፤ ጣታቸው እስኪለምድ ድረስ ደጋግሞ ተዘጋባቸው። አንዲት እናት «ይህ ሰው ትዕግሥት የለውም» ብለው አሳቁን። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ቀደሙት።

በአራተኛው ቅዳሜ የምስጢር ቁጥር መለወጥ ተማሩ። የጓደኛችን እናት በኋለኛው ወንበር ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው እንደ ለመደው ሊያግዛቸው ጐንበስ ቢል፥ ነጠላቸውን በስልኩ ላይ ሳብ አድርገው «አንተ፥ ዘወር በል» አሉት። እርሱም ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ቆመ። ረዥም ጊዜ ቆመ፤ ሁለት ጊዜ ተሳስተው እንደ ገና ጀምረዋልና። እኛም ሁላችን ሥራችንን ትተን ዝም ብለን ጠበቅን። በመጨረሻ ከነጠላው ውስጥ «በቃ፥ ጨርሻለሁ» የሚል ድምፅ ሰማን።

ትምህርቱ ከበዓሉም በኋላ ይቀጥላል። ቅዳሜ ከጧቱ በሦስት ሰዓት፥ ከቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ ባለው ክፍል ነው፤ አባቶችም ብትመጡ ደስ ይለናል። ስልካችሁን ባትሪ ሞልታችሁ ኑ።