ከዶርዜ ገበያ ይዤው የመጣሁት ዕዳ



ባለፈው ሰኞ ጥቂት ተማሪዎች ሆነን ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ መንደር ሄደን ነበርና፣ ያየነውን እንዳካፍላችሁ ማኅበሩ አዝዞኛል።

መንገዱ ወደ ጋሞ ደጋ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ሙቀቱ ቀርቶ ጭጋግና ብርድ ተቀበሉን። ቤቶቹ ከቀርከሃ ተጎንጉነው የተሠሩ ሲሆኑ፣ ከሩቅ ሲታዩ የዝሆን ራስ ይመስላሉ። ምስጥ ግርጌውን ሲበላው የተበላው ይቆረጣል፤ ቤቱም ዝቅ ይላል እንጂ አይፈርስም። ካስፈለገ ሰዎች ተባብረው ተሸክመው ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውሩታል። ከእንሰት የተጋገረውን ቆጮ በዳጣ ቀመስን፤ ከዚያም ወደ ሸማኔዎቹ አለፍን።

ሸማኔው በጉድጓድ አፋፍ ተቀምጦ፣ በእግሩ መርገጫውን እየረገጠ፣ በእጁ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ይሰዳል። ጥጡ ከቆላ ይመጣል፤ የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው።

እኔም ለእናቴ ጋቢ ልገዛ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ዘንድ ቀረብሁ። ዋጋውን ቢነግሩኝ «አባባ፣ እኛ ተማሪዎች ነን፤ ይቀንሱልን» እያልሁ ለረጅም ጊዜ ተከራከርሁ። በመጨረሻ «ልጄ፣ ሊመሽብኝ ነውና ውሰደው» አሉኝ። በአውቶቡስ ውስጥ ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ፤ እኔም ኮራሁ።

ማታ ጋቢውን ዘርግቼ እጥፉን ብቆጥር አራት ድርብ ነው። እናቴ ከምሽት እስከ ሌሊት እንዝርት ስታሾር ያደግሁ ልጅ ስሆን፣ ያ ሁሉ ፈትል የስንት ሴት ሌሊት እንደ ሆነ ገበያው ላይ አላሰብሁም ነበር።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውንና ብረት ሠሪውን በሥራው መስደብ እንዲቀር አውጀው ነበር። እኛ የተማርነው ዛሬ ሸማኔን በአፋችን አንሰድብም፤ እንዲያውም ባህላችን ነው እያልን እናደንቃለን፣ ፎቶግራፍም እናነሣለን። ነገር ግን ሥራውን ስናደንቅ ውለን ዋጋውን ስንነፍግ ብናመሽ፣ ስድቡን ከአፋችን ወደ ኪሳችን አዛወርነው እንጂ አልተውነውም። የጋሞ ሸማኔ ልጆች ብዙዎቹ አገራቸውን ለቀው በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሚሸምኑት ገበያ ፍለጋ መሆኑን እናውቃለን።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ገበያ ነውና መከራከር ነውር አይደለም። ሳይቆጥሩ መከራከር ግን ነውር ነው። እኔ በመጪው የገበያ ቀን ተመልሼ ሽማግሌውን ፈልጌ የቀረውን ልከፍል ቆርጫለሁ። አብሮኝ የሚሄድ ቢገኝ ደስ ይለኛል፤ ያጨበጨባችሁልኝማ በተለይ።